ተራው ባለሙያ

ማኅደሩ ደረሰኝ በማታው አውቶቡስ፤
ሦስት የቆዩ ሰነዶች፣ አንድ ደግሞ አዲስ፣
አንዲት አጭር ጥያቄ ከላይ ተለጥፋ፣
«ግልጽ ነው ወይስ አይደል?» በቀይ ተጽፋ።

ይዤው ሐይቁ ዳር ወርጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ፤
ከዘጌ የሚመለሰውን ጀልባ እያየሁ
(የምቀበለው ሰው የለም፤ ልማድ ነው)
የትርንጎን ሥዕል ከፖስታው አወጣሁ።

የአንጎልን ሞገድ ከራስ ቅል ለመስማት
ብረት ከቆዳ ጋር መገናኘት አለበት።
ፀጉር ግን መሐል ላይ እንደ ፊላ በቅሏል፣
ቅባቱን ጠጥቶ፣ ተጎንጉኖ ተኝቷል፤
ኤሌክትሮዱን የሠራው ይህን መች አይቷል?

ትርንጎ አላምረው፣ የሆስፒታል ዕቃ ጠጋኝ፣
ለብረቱ እንደ ሚዶ ጥርስ አወጣችለት፤
ጥርሱን አጋደመች፣ ጫፉን አዶለዶመች፣
በሹሩባው መሐል መንገድ ከፈተችለት።
ከሥሩ ስፕሪንግ አለ። ልጅቱ አትላጭም።
መርፌው ወረቀት ላይ የሚጥላትን ነገር
እየተንቀጠቀጠ ይጽፋል።

የተቃዋሚው ጠበቃ እንዲህ ሲል ጽፏል፦
«ጎድጓዳው ብረት በፊተኛው ሰነድ አለ፤
እሾሁ በሁለተኛው፣ ስፕሪንጉ በሦስተኛው፤
ሚዶን ደግሞ የማያውቅ ከወዴት አለ?
ከሦስት ጨርቅ ቆርጦ አንድ እጀ ጠባብ መስፋት
ፈጠራ አይደለም፣ ልብስ ሰፊነት እንጂ።»
ሳቅሁ። ጥሩ ጽፏል። ላምነው ጥቂት ቀረኝ።

ሕጉ አንድ ሰው ፈጥሯል፣ ስም ያላወጣለት፣
በሙያው የተካነ፣ ብልሃት የሌለበት፣
የታተመን ሁሉ ያነበበ፣ ያልዘነጋ፣
ሕልም ግን የማያይ ሲመሽም ሲነጋ።
«ይህ ሰው ያየው ነበር?» ብለህ ጠይቅ ይለኛል።
የት አግኝቼ ልጠይቀው? ባጃጅ ላይ ተሳፍሯል?
ከዘንባባው ሥር ቆሞ ጋዜጣ ያነባል?

ከፊቴ ሙሀባው ታንኳ ይሠራ ነበር፣
ደንገሉን በጉልበቱ ተጭኖ ሲያስር።
«ቋጠሮው የማን ነው?» «የአያቴ» አለኝ፤
«ይህችን ብቻ እኔ፣ አንድ ጣት ወደ ኋላ፤
ውሃ አታስገባም።»
አየሁት። አንድ ጣት። ምንም አይመስልም።
አንዴ ከተሠራ ምንም አይመስልም።

ልጅ ሳለን በምሽት «እንቆቅልህ» ሲሉን፣
«ምን አውቅልህ» ብለን፣ መልሱ ጠፍቶብን፣
«አገር ስጠኝ» ሲሉን አገር የሰጠን ሁሉ፣
ፍቺውን ስንሰማ፣
«አውቄው ነበር እኮ!» የማይል ማን ነበር?
ጅብ ከሄደ ወዲያ ውሻ ሲጮህ ሰፈር።

መሸ። መብራት ጠፋ፣ ከቤዛዊት እስከ ገበያው።
በስልኬ ብርሃን ሰነዱን ደገምሁት።
ያን ጊዜ ፈንታነሽ ትዝ አለችኝ፣ የሰባት ዓመቷ፤
ለጥምቀት የተሠራችውን ሹሩባ
ቆርጬ፣ ከወለሉ በመጥረጊያ ሰብስቤ፣
«ይበቅላል» አልኋት።
ሚዶዬ ከጋዋኔ ኪስ ውስጥ ነበረች
(ያኔ ፀጉር ነበረኝ)፤
ወደ ልጅቱ ጎንበስ ስል ጥርሷ ደረቴን ወጋኝ።
ወጋኝ። አላየሁም።
ሃያ ስድስት ዓመት ስትወጋኝ አላየሁም።

ተራውን ባለሙያ ፍለጋ ስባዝን
እርሱ በእኔ ጣት ነው የሚገልጥ ሰነዱን።

የአንድ ሰው መታወር ግን ማስረጃ አይሆንም፤
ሕጉ የእኔን ጸጸት መዝገብ አያስገባም።
እንደገና ጀመርሁ፣ ከሥሩ።
ሁለተኛው ሰነድ፣ ገጽ ዐሥራ አንድ፣
«እሾሁ ቀጥ ይበል፤ ከተጋደመ ይንሸራተታል» ይላል።
እርሱ የሸሸውን መንገድ ነው እርሷ የሄደችበት።

ስለዚህ ጥርሱ የእርሷ ነው፤
ስፕሪንጉ ግን አይደለም፣ ቁጥር አራት ይውደቅ፤
ትቀየመኝ ይሆናል፤
ሌላ ሰው ቀድሞታል፣ ምን ላድርግ።

ጀልባው ደረሰ። ማንም አልወረደ።
ፈረምሁ። ከፊርማው በታች፣ ቦታና ቀን በሚሞላበት፣
«ባሕር ዳር» ብዬ ጻፍሁ፤
አገር ሰጠኋት።